ስድስት ብቻ

እህቴ ሃያ ከሃያ ያገኘች ቀን ቤት የገባችው ደረቷን ነፍታ ነው።

«ሃያ ከሃያ!» አለች ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ጥላ። «አንተ ዕድሜ ልክህን ደብተር ተሸክመህ ሃያ ከሃያ አግኝተህ ታውቃለህ? እኔ ሳልማር አገኘሁት።»

ያገኘችው የጆሮ ምርመራ ላይ ነው። እህቴ ሽመና ፋብሪካ ገብታ ማሽን ላይ ስትቆም እኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። እሷ አስተማረችኝ፤ የፊዚክስ መምህር ሆንኩ። እሷ ግን ያኔም እዚያው ማሽን ላይ ነበረች። በዚያ ሳምንት ፋብሪካው አንድ ወጣት ሐኪም አምጥቶ የሽመና ክፍሉን ሴቶች በሙሉ አስመረመረ። ሐኪሙ ፊት ለፊቱ ያስቀምጥሻል፤ ዝግ ባለ ድምፅ ሃያ ቃላት አንድ በአንድ ይላል፤ አንቺ የሰማሽውን ትደግሚያለሽ። አለቀ። ምርመራ ተብዬው ይኸው ነው።

«ሁላችንም አልፈናል» አለች። «መለከት እንኳን ሳትቀር።»

መለከት የሥራ ባልደረባዋ ናት። ስሙን ያወጡላት ስታወራ ሰፈር ስለሚሰማ ነው።

እኔ በዚያች ቅጽበት ውኃ እየጠጣሁ ነበር። ብርጭቆውን ከአፌ ሳላነሳ «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት።

«ምን?»

ብርጭቆውን አወረድኩት። «እንኳን ደስ አለሽ።»

«እንዲህ በል እንጂ! አፍህን ሸፍነህ የምታጉተመትመው ቅናት ይዞህ ነው።»

ልጇ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣ ጥፍሯን እየሞረደች ሳቀች። ይህቺ ልጅ ሰኞ እዚያው ፋብሪካ ሥራ ልትጀምር ነው፤ አዲሱ የሥራ ጋውኗ ታጥቦ በሩ ላይ ተሰቅሏል። እኔ አልሳቅሁም። አንድ ነገር ከነከነኝ።

የሽመና ክፍል ሴቶች እንዴት እንደሚያወሩ ያላየ ሰው ነገሩ አይገባውም። እዚያ ክፍል ውስጥ ጉሮሮህ እስኪሰነጠቅ ብትጮህ አጠገብህ ያለው አይሰማህም። ስለዚህ ሴቶቹ ድምፅን ድሮ ገና እርግፍ አድርገው ትተውታል። በከንፈር ነው የሚያወሩት። ቃሉን ሳያሰሙ አፋቸው ላይ ይቀርጹታል፤ ባሻገር ያለችው ታነበዋለች። ማሽኑ እየተንኳኳ፣ ማጉ እየተወረወረ፣ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው ያማሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። እህቴ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብላ ማዶ አስፋልት ላይ የሚነታረኩ ባልና ሚስት የሚባባሉትን ቃል በቃል ትተረጉምልን ነበር። ጎረቤቶቿ ግቢ ውስጥ ቆመው ሲያሟት ከመስኮቱ ጀርባ ሆና ታነባቸውና በማግስቱ መልሱን ትሰጣቸዋለች። ይህቺ ሴትዮ ጠንቋይ ናት ይሏታል።

ወደ እሷ ዞርኩ። ድምፅ ሳላወጣ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ብቻ «ሐኪሙ ግን አህያ ነው» አልኳት።

«ኧረ ተው!» አለች ቆጣ ብላ። «ጨዋ ልጅ ነው፣ እናት ያሳደገችው። ‹እማማ፣ ደከመዎት ወይ?› እያለ ነው የመረመረኝ።»

የልጇ ሞረድ አየር ላይ ቆመ።

«አጎቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምንም አልተናገርክም እኮ።»

እህቴ እኔንና ልጇን ተራ በተራ አየችን። «ምንድን ነው? ምን ሆናችኋል?»

ሃያ ከሃያ ያገኘው ጆሮዋ አይደለም። ዓይኗ ነው።

ስነግራት አልደነገጠችም፤ ተናደደች እንጂ። «ታዲያስ?» አለች። «ቃላቱንስ ቢሆን ቀድመን እናውቃቸው የለ! መለከት መጀመሪያ ገብታ ነበር፤ በበሩ መስታወት በኩል ውጭ ለተሰለፍነው በከንፈሯ ነገረችን። ዝናብ፣ ቁልፍ፣ መጋረጃ… እስከ መጨረሻው። ፈተና ነው ተባልን፤ ፈተና ደግሞ የሚፈተኑት ለማለፍ ነው። አንተ ተማሪ ሳለህ አልኮረጅክም?»

በእነሱ አልፈርድም። ሲፈተን የኖረ ሰው ወድቀሃል ማለት ተባረሃል ማለት እንደሆነ ያውቃል። የምፈርደው ከንፈር በማንበብ ወደር የሌላቸውን ሴቶች አፉን ከፍቶ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ «ጆሯችሁን ልፈትን» ባለው ሰው ላይ ነው። ይኸ ማለት መልሱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሲያበቁ ተማሪውን ጥያቄውን እንደ መጠየቅ ነው። እሱን በላከው ላይ ደግሞ አብልጬ እፈርዳለሁ፤ የላከው ውጤቱን ቀድሞ ያውቀው ነበርና።

ምክንያቱም ምርመራው ለጆሮ ተብሎ የመጣ አይደለም። የሽመና ማሽኖቹ ወፍራም ጎማ ላይ ነው የሚቆሙት። ጎማው መንቀጥቀጡን ይውጣል። ግን ማሽኑ ጎማ ላይ ሲሆን ፍጥነቱን ከልክ በላይ ቢጨምሩት ይዋዥቃል፣ ድሩ ይበጠሳል። ስለዚህ አስተዳደሩ ጎማው ወጥቶ ማሽኖቹ በብሎን ከሲሚንቶው ጋር ይታሰሩና ይፍጠኑ አለ። ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ባለው ስምምነት እንዲህ ያለ ለውጥ የሚደረገው ሠራተኞቹ ተሰብስበው እጅ አውጥተው ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ጥቂት ሴቶች «ጩኸቱ አሁንም በዝቶብናል» ሲሉ ሐኪሙ መጣ። ሁሉም አለፉ። እንግዲህ ጩኸቱ ማንን ጎዳ? ቅዳሜ ስብሰባ ተጠራ። መጀመሪያ የሚታሰረው ረድፍ የእህቴ ልጅ ሰኞ የምትቆምበት ነው።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድኩ። ተማሪዬ ነበር። ከኋላ ተቀምጦ መስኮት መስኮቱን የሚያይ፣ ፈተና ሲደርስ አንገቱ የሚረዝም ልጅ።

«መምህር!» ብሎ ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ። «ምነው ሳይደውሉልኝ? መኪና እልክ ነበር እኮ።»

መጀመሪያ ያናደደኝ ጸጥታው ነው። ከሽመና ክፍሉ የሚለየው አንድ ኮሪደር ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ ጥርሴ እርስ በርሱ ሲንገጫገጭ ነበር፤ በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ግን የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ሰማሁ። መስኮቱን አየሁት፤ መስታወቱ ድርብ ነው። የበሩ ዙሪያ በወፍራም ጎማ ተለብጧል።

«ጥሩ ጎማ ነው» አልኩት።

«አዎ፣ ስልክ ማናገር አስቸግሮን ነበር።»

ይህን ሲል አላፈረም። ልብ በሉ፣ አላፈረም።

ስለ ምርመራው ነገርኩት። ፈገግ ብሎ ሰማኝ፤ ትልቅ ሰው ሲያወራ እንደሚታገሥ ሰው። «መምህር፣ እርስዎ የሚሉት በሐሳብ ደረጃ ጥሩ ነው» አለ። «ግን አርባ ሦስት ሴቶች አልፈዋል። ለውጡም የሚያስፈራ አይደለም። አስለክተነዋል። አሁን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰማንያ ስምንት ዴሲቤል ነው። ማሽኖቹ ሲታሰሩና ሲፈጥኑ ዘጠና አራት ይሆናል። ስድስት ብቻ ነው! ከመቶ ሰባት እንኳን አይሞላም።»

«ይህን ስሌት ማን አስተማረህ?»

ሳቀ። «እርስዎ ነዎታ።»

«እንግዲያው አልተማርክም።»

ከጠረጴዛው ላይ የወረቀት ማሰሪያ ላስቲክ አነሳሁ፤ በሁለት ጣቴ ወጠርኩት። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የማሳየውን ለፋብሪካ አለቃ አሳየሁት። ላስቲኩን ነካ አደረግኩት፤ በጥቂቱ ወዲያ ወዲህ ብሎ ዝም አለ፤ የሰማው የለም። ሳብ አድርጌ ለቀቅኩት፤ ሰፋ አድርጎ ተርገበገበ፣ ጮኸ።

«ለምን ጮኸ?»

«ስለ ሳቡት።»

«ሰፋ አድርጎ ስለ ተርገበገበ። ድምፅን የሚያጎላው የንዝረቱ ስፋት ነው። ዴሲቤል ደግሞ የሽንኩርት ሚዛን አይደለም። በመደመር አይሄድም፣ በማባዛት ነው የሚሄድ። ስድስት ጨመርክ ማለት የንዝረቱን ስፋት እጥፍ አደረግከው ማለት ነው። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ጆሮ ላይ የሚያርፈው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ሰባት ከመቶ አልክ? ከመቶ ሦስት መቶ ነው የጨመርከው። ሴቶቹ ከዚህ በፊት ቀኑን ሙሉ የሚቀበሉትን ጉዳት አሁን ከምሳ በፊት ይጨርሱታል።»

 እሱም የራሱን ነጥብ አነሳ፤ እውነቱን ለመናገር መጥፎ ነጥብ አልነበረም። «አንድ ረድፍ ለሙከራ አስረን አይተነዋል፣ መምህር። ሴቶቹን ጠየቅናቸው። ‹ትንሽ ጨመር ብሏል› ነው ያሉት። ትንሽ! አራት እጥፍ ቢሆን ኖሮ አይጮሁም ነበር?»

«አይጮሁም። ጆሮ ይሉኝታ የያዘው ምስክር ነው። አራት እጥፍ ተመትቶ ‹ኧረ ምንም አይደል፣ ትንሽ ነካ ነው ያደረጉኝ› ይላል። እንዲህ ሆኖ ስለ ተፈጠረ ነው ነጎድጓድንም ሹክሹክታንም ችሎ የሚኖረው። ይህን ትሕትናውን አንተ ማስረጃ አድርገህ ታቀርባለህ?»

«ቅዳሜ ይምጡና ለሠራተኛው ያስረዱ» አለ እጁን ዘርግቶ። «እኛ የምንደብቀው የለንም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን እንደ አባት ስለማይዎት አንድ ነገር ልንገርዎት። የእህትዎ ጆሮ ደካማ ነው ከተባለ እኔ ማሽን ላይ ላቆያቸው አልችልም። የማስጠንቀቂያ ደወል የማይሰማ ሰው ማሽን ላይ አይቆምም። የደህንነት ደንብ ነው።»

አያችሁ? የሰውን ዓይን አውጥተው ሲያበቁ ለምን አደናቀፈህ ብለው ይከሱታል። ጆሮዋን የበላው ክፍል ጆሮ ስለሌላት ያባርራታል። ደንቡ ደግሞ ልክ ነው! ያበገነኝ ይኸ ነው፤ ደንቡ ልክ ነው።

ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

እህቴ ስትሰማ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን ወደ ጎን አደረገችው፤ ስታስቀምጠው ጠረጴዛው ተናወጠ።

«ማን ላከህ?» አለች። «ንገረኝ፣ እኔ ልኬሃለሁ? ጉሮሮዬን ልትዘጋው ነው የሄድከው?»

«ጆሮሽን…»

«ጆሮዬ ሄዷል!» አለች። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሁላችንንም አስደነገጠን፤ እሷንም ጭምር። ቀጥላ ዝቅ አድርጋ ተናገረች፤ ዝቅ ያደረገች መስሏት እንጂ ድምፅዋ አሁንም ጎረቤት የሚደርስ ነበር፤ «አላውቅም መሰለህ? ወፍ መቼ ነው የሰማሁት? ግን የሄደ ሄዷል። ሥራው አለ። እሱንም ይዞ እንዲሄድ ነው የምትፈልግ?»

«የአንቺ ሄዷል። የሷ አለ።»

ልጇን ማለቴ ነው። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የአዲሱን ጋውን ቁልፍ ታጠብቃለች። እህቴ ወደ እሷ አላየችም። «የሷ ወጣት ነው። ደግሞ ስድስት ብቻ ነው ብለዋል።»

ስድስት ብቻ! ቃሉ ከቢሮው ወጥቶ፣ ኮሪደሩን አልፎ፣ የእህቴ አፍ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። በሰው ላይ የሚያናድደኝ ክፋቱ አይደለም። ክፋቱን ተበዳዩ ራሱ እንዲደግመው ማድረጉ ነው።

ወጥ ቤት ገብቼ ጎድጓዳ ሳህን አመጣሁ። አፉ ላይ ስስ ፕላስቲክ ወጥሬ በላስቲክ አሰርኩት፤ ፕላስቲኩ ላይ ጨው በተንኩበት።

«ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?» አለች እህቴ። «ልታስተምረኝ? እኔኑ?»

«አንቺ የምታምኚው ስታዪ ነው። እዪ።»

ጠጋ ብዬ ዝግ ባለ ድምፅ «ኡ» አልኩ። ጨዉ ትር ትር አለ። ጮክ ብዬ «ኡኡ» ስል ዘለለ፤ ከፕላስቲኩ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ተፈናጠረ። እህቴ ሳታስበው ሳቀች። «የሰይጣን ጨው» አለች። «አየሽ?» አልኳት። «ዝግ ስል በትንሹ ይነዝራል፣ በጮህኩ ቁጥር ይዘላል። ጆሮሽ ውስጥም እንዲህ ያለ ስስ ነገር አለ፤ ከሱ በስተጀርባ ደግሞ ከጨው የደቀቀ ፀጉር የመሰለ ነገር አለ። እሱ ከተሰበረ አይበቅልም። ብሎን ሲያስሩ ይህን ዝላይ እጥፍ ነው የሚያደርጉት።»

 ያኔ ልጅቷ ከወለሉ ተነሳች። የአንገት ልብሷን አፏ ላይ ጠመጠመች፣ ወደ ሳህኑ ጎንበስ አለች፣ እናቷን እያየች አንድ ነገር ተናገረች። ጨዉ ተንቀጠቀጠ።

«ምን አልሽ?» አለች እህቴ።

ልጅቷ ደገመችው። ጨዉ እንደገና ተንቀጠቀጠ።

«ስታጉተመትሚ ይሰማኛል። ምን እንዳልሽ ግን… አፍሽን ግለጪው እንጂ!»

ልጅቷ አልገለጠችውም። ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ እንደ ተሸፈነች ቁጭ አለች። ጨው የሰማውን እናቷ አልሰማችም።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለች?»

«‹እማዬ፣ ሰኞን ፈራሁ› ነው ያለችሽ» አልኳት።

እህቴ ሳህኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ካውያዋን አነሳችና፣ «ጨዉን ጥረጉት» አለች። «እዚህ ቤት ጨው የሚደፋ ሀብታም የለም።»

ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜ አላናገረችኝም።

ስብሰባው በፋብሪካው ምግብ አዳራሽ ነበር። ማሽኖቹ ስለ ቆሙ ግቢው ጭር ብሏል፤ ሴቶቹ ግን ከልማዳቸው የተነሳ ግማሾቹ በከንፈር ነው የሚያወሩት። ሥራ አስኪያጁ ማይክሮፎን ይዟል። ሐኪሙ አጠገቡ ተቀምጦ እስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። አርባ ሦስት ተመርምረው አርባ ሦስት እንዳለፉ ተነገረ። ተጨበጨበ። ስድስት ዴሲቤል ብቻ እንደሚጨምር ተነገረ። 

ተነስቼ ወደ ፊት ወጣሁ። ስለ ስፋቱ፣ ስለ እጥፉ፣ ስለ አራት እጥፉ ተናገርኩ። እንደ መምህር ተናገርኩ መሰለኝ፤ ፊታቸው ላይ የተማሪ እንቅልፍ አየሁ። መለከት ከመሃል ብድግ አለች።

«መምህር፣ ይቅርታ አድርግልኝና አንተ ክረምት በመጣ ቁጥር ሁለት ወር የምትተኛ ሰው ነህ። እኛ ብንተኛ ማሽኑ አይተኛም። ጆሯችን ምን ሆነብህ? አልፈናል አልፈናል ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ድምፅዋ ግድግዳውን ሲመታ ሥራ አስኪያጁ በደስታ አንገቱን ነቀነቀ።

«አልፋችኋል» አልኩ፤ አሁን መናደዴን አልደበቅኩም። «በዓይናችሁ! ዶክተር፣ እስቲ ወንበሩን ያዙሩት። ጀርባዋን የሰጠችዎትን አንዲት ሴት ይፈትኑልን። ሌላ ቃላት ይዘው። አንዲት ብቻ! ካለፈች እኔ ይቅርታ ጠይቄ እወጣለሁ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን መጫኑን ተወ። ገብቶታል። ፊቱ ላይ አየሁት፤ ያን ጊዜ ነው የገባው፤ ደግሞም ገና ያን ጊዜ መሆኑ ነው የሚያሳፍረው። ሥራ አስኪያጁ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

«የሚፈልግ መፈተን ይችላል» አለ ረጋ ብሎ። «ግን ግልጽ እንሁን። በሁለተኛው ፈተና የወደቀች ሠራተኛ ማሽን ላይ መቆየት አትችልም። ደንብ ነው። ፈቃደኛ አለ?»

ሴቶቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ፤ ከንፈር እንኳን አልተንቀሳቀሰም። ሥራ አስኪያጁ እንደገና ፈገግ ሊል ሲል ወንበር ተጎተተ።

እህቴ ናት። ወንበሯን ራሷ ተሸክማ መጣችና ሐኪሙ ፊት አስቀመጠችው፤ ጀርባውን ወደ እሱ አድርጋ። ፊቷን ወደ እኛ አድርጋ ተቀመጠች። በሩ አጠገብ ልጇ አዲሱን ጋውን ክንዷ ላይ አጥፋ ቆማለች።

«እትዬ፣ ግድ የለም፣ አይገደዱም» አለ ሥራ አስኪያጁ። እሷ አላየችውምና አልሰማችውም።

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንበር» አለ።

«ወንበር» አለች እህቴ።

ደነገጥኩ። «ደመና» አለ።

«ደመና።»

«መሰላል።»

«መሰላል።»

ሥራ አስኪያጁ ማጨብጨብ ጀመረ። እኔ ግን ከፊቷ ያሉትን ሴቶች አየሁ። አርባ ሁለቱም ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል! መለከት ከሁሉም አብልጣ አፏን ከፍታ፣ ቃሉን እንደ ጎመን እያላመጠች ለጓደኛዋ ታጎርሳታለች። ሊያድኗት ነው። በፍቅር፣ ዓይናቸው እያየ፣ የልጇን ጆሮ ለብሎን እየሰጡ ሊያድኗት ነው።

«አፋችሁን ዝጉ!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። «ዝጉ! ማንን የምትረዱ መስሏችሁ ነው?»

እህቴ ጩኸቴን ሰማች መሰለኝ፤ ወይም ፊቴን አነበበች። መለከትን አየቻት። ከዚያ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ ለሁሉም እንዲታይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ቀረጸችው፤ «ተዉኝ።»

ወደ በሩ፣ ወደ ልጇ አየች። ዓይኗን ጨፈነች።



«መጥረቢያ» አለ ሐኪሙ።

እህቴ ዝም ብላ ተቀምጣለች። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ አውቶቡስ እንደምትጠብቅ ሴት።

«ድልድይ።»

ምንም።

«ሰንሰለት። ጉልላት። ጠረጴዛ።» የሐኪሙ ድምፅ እየጎላ መጣ። ከሹክሹክታ ወደ ተራ ንግግር፣ ከተራ ንግግር ወደ ላይ። እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ ሁሉም ጥርት ብሎ ይሰማል። እህቴ ቅንድቧን ሰበሰበች።

«ኧረ ጀምር እንጂ» አለች። «ምን ትጠብቃለህ?»

ከሴቶቹ አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። ሐኪሙ ብድግ አለ። ይህን ልጅ ያን ቀን ጠልቼው ነበር፤ ይህን ግን አልነፍገውም፤ ከዚያ በኋላ ለማንም ሳይሆን ለእውነቱ ሲል ጮኸ። ከጀርባዋ ቆሞ፣ ከመጀመሪያው ፈተና የምታውቀውን ቃል በደረቱ አየር ሁሉ አወጣው።

«መጋረጃ!»

ጠረጴዛው ላይ ያለው የሥራ አስኪያጁ ብርጭቆ ውስጥ ውኃው ሽብሽብ አለ። እህቴ ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች።

«እህ፣ አሁን የጀመርክ መሰለኝ» አለች። «ጮክ በል እንጂ፣ ልጄ።»

ማንም አልሳቀም። መለከት እንኳ ተቀመጠች፤ ትልቁ አፏ ተዘግቶ ነበር።

እህቴ ዓይኗን ገለጠች። እኔን ፈለገችኝ፤ አገኘችኝ። በከንፈሯ «ስንት አገኘሁ?» አለችኝ።

በከንፈሬ መለስኩላት። «ዜሮ።»

አንገቷን ነቀነቀች፤ ሃያ ከሃያ ባገኘች ቀን እንዳደረገችው ደረቷን ነፍታ። ተነሳች፣ ወንበሩን አዞረች፣ ከሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመች።

«በል፣ የብሎኑን ጉዳይ እጅ አስወጣቸው» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ማይክሮፎኑን አነሳ፣ አስቀመጠው፣ እንደገና አነሳው። «ማሽኖቹ እንዲታሰሩ የምትደግፉ…» አለ። ድምፁ ሳስቷል።

አርባ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ሰማንያ አራት እጅ። አንድም አልተነሳም። ልጅቷ በሩ አጠገብ ጋውኗን ደረቷ ላይ አቅፋ ታለቅሳለች።

እህቴ ከአንገቷ የማሽን ክፍሉን መታወቂያ አወለቀች። ደንቡን ታውቀዋለች፤ ማንም እስኪነግራት አልጠበቀችም። ጠረጴዛው ላይ፣ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ዕድሜ ልኳን በሽመና ክፍሉ ውስጥ አውጥታው በማታውቀው ድምፅ፣ መስኮቶቹ በክፈፋቸው ውስጥ እስኪንቀጠቀጡ ድረስ፣

«ሰማህ?» አለችው።